ሰብሳቢው ከአገር ሲወጣ

ኤርጎጌ የእድሩ ምክትል ሰብሳቢ ሆና ስትመረጥ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያጨበጨቡት ስብሰባው ስላለቀላቸው ነው። ሴት ትግባበት ተባለ፣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የምክትልነት ሥራዋ ሻይ ማስፈላትና ወንበር ማስደርደር ሆነ። ሳምንቱን ደቡብ አፍሪካ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለች ስፓዛዋ፣ በትንሿ ሱቋ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ስትሸጥ ትሰነብታለች። እሑድ ለእድሩ ስብሰባ ሮዘተንቪል ትመጣለች፤ ሰብሳቢው ጋሽ ሽጉጤ ይናገራሉ፣ እሷ ትሰማለች። ምክትል ስኮርታ ጎማ ነው፤ የፊተኛው እስኪፈነዳ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ጎማው የፈነዳው ጋሽ ሽጉጤ ልጃቸውን ሊድሩ አዲስ አበባ በሄዱ በሳምንቱ ነው። ማናሴ የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ባለሱቅ ሁለት ቀን ታሞ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። እዚህ አገር የሆሳዕና ልጅ ሲሞት አስከሬኑ ወደ እናቱ ይላካል፤ ይህ ክርክር የለውም። ሌላው ወረቀት ሁሉ ተጠናቆ የሐሙሱ አውሮፕላንም ቦታ ተገኝቶለት ነበር። የቀረው ወጪውን እድሩ እንደሚከፍል የሚገልጽ፣ በሰብሳቢው የሚፈረም አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ጋሽ ሽጉጤ ግን በስልክ፣ እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው አሉ። እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ነው። የማናሴ እናት ሆሳዕና ድንኳን አስተክላ፣ ልጇን ሳትቀብር ለቅሶዋም አልወጣላት ብሎ ተቀምጣለች።

ትንፍሽ ያለ የለም። ከአባላቱ ግማሹን መንገድ መርተው ያመጡት ጋሽ ሽጉጤ ናቸው፤ የኤርጎጌ ባልም አንዱ ነው። ኤርጎጌ ግን እሷም ወንድ ልጅ አላትና እህል አልወርድ አላት። ሳንድተን ጠበቃ ሆና የምትሠራው ዮአዳን ዘንድ ሄደች። የእድሩን ደንብ የጻፈችው ዮአዳን ናት። ጻፈች ማለት እንኳ ይበዛባታል። ጊዜ አጥሯት የደቡብ አፍሪካን ሕገ መንግሥት ቁጭ ብላ ገልብጣ፣ ፕሬዚዳንት የሚለውን ሁሉ ሰብሳቢ አድርጋ ሰጠቻቸው። እነሱም ሳያነቡ አጸደቁት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዮአዳን አዳራሹ መሃል ቆማ አነበበችላቸው። ሰብሳቢው ከአገር ውጭ ሲሆን ምክትሉ ተጠባባቂ ሰብሳቢ ይሆናል፤ የሰብሳቢው ሥልጣን ሁሉ የእሱ ነው ይላል። ፈቃድ ጠይቆ አይልም። በስልክ ተነጋግሮም አይልም። ጋሽ ሽጉጤ አውሮፕላን ከተሳፈሩባት ሰዓት ጀምሮ ሰብሳቢዋ ወንበር የምትደረድረው ኤርጎጌ ኖራለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የዚህ አገር ወረቀት እስከ ዛሬ ለኤርጎጌ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ሰልፍ። ለስደተኛ ፈቃዷ ስንት ዓመት በፀሐይ ቆማለች። ያው አገር ለራሱ ሹማምንት የደነገገው ቃል ዞሮ ዞሮ እሷን ፈልጎ አገኛት። እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል ለካ፤ ሰው ሲጎድል ቦታው እንዳይጎድል አስቀድሞ ያሰበ ሰው ኖሯል። ፈራች፤ ደስ የሚል ፍርሃት ነበር።

ሽማግሌው ጋሽ ፀጋዬ እጃቸውን አነሡ። አሁን የተነበበው ደንብ ተጠባባቂው ሥራ ሳይጀምር ይምላል አላለም? ጌታ ደግሞ መማልን ከልክሏል። እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ማንም አይምልም አሉና ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ተቀመጡ። ዮአዳን ጣቷን መስመሩ ላይ ጎተት አደረገች።

"ይምላል፣ ወይም በጽኑ ቃል ያረጋግጣል ነው የሚለው" አለች ወደ ኤርጎጌ ዞራ። "እትዬ፣ ማረጋገጥ ይበቃል።"

ኤርጎጌ ተነሣች። ለእድሩ ታማኝ ልሆን፣ ደንቡን ልጠብቅ አረጋግጣለሁ አለች። ቀና ስትል አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ተነሡ ያላቸው ሰው አልነበረም። ጋሽ ፀጋዬም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

የጋሽ ፀጋዬ ስልክ ጮኸ። ወሬ መቼም ክንፍ አለው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል። ጋሽ ፀጋዬ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ ከፍተው ለኤርጎጌ አቀበሏት።

"ማን ፈቀደልሽ?" አሉ ጋሽ ሽጉጤ።

"ደንቡ፣ ጋሼ። እርስዎ አገር ውስጥ የሉም።"

ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው የሰብሳቢ ድምፅ አልነበረም። ማናሴን ከእናቱ ቤት እጁን ይዘው ያወጡት እሳቸው እንደሆኑ፣ በእጄ እመልስልሻለሁ ብለዋት እንደነበር ተናገሩ። ከሞተ ወዲህ ሆሳዕና ዝር አላሉም።

"በእጄ ወስጄባት በደብዳቤ ልላክላት? በምን ዓይኔ ልያት?"

የዛሬ ሳምንት ቢሆን ኤርጎጌ አብራቸው አልቅሳ፣ እንዳሉ ይሁን ብላ ስልኩን ትመልስ ነበር። አሁን ግን የገባችው ቃል ከአፏ ገና አልራቀም።

"ጋሼ፣ ደብዳቤውን ዛሬ እፈርማለሁ" አለች። "ማናሴ ሐሙስ ቦሌ ይደርሳል። እርስዎ ይቀበሉታል፤ ሆሳዕና ወስደው ለእናቱ በእጅዎ ያስረክባሉ።"

ጋሽ ሽጉጤን ያዘዘ ሰው እስከዚያች ቀን አልተወለደም ነበር።

"ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?" አሉ ጋሽ ሽጉጤ።