በእማማ ወለተ ማርያም ካርድ ላይ ያለው ፊርማ

"ስኳራቸው ወርዶ ሠላሳ ስምንት ገብቷል!" አለች ነርስ ሮዳስ።

ቤቴል ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ፋርማሲስት ናት፤ ሆሳዕና ከተማ ዳር ወዳለው የአረጋውያን ማዕከል በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች የሐኪሙን የመድኃኒት ትእዛዝ አይታ ትፈርማለች። እማማ ወለተ ማርያም በላብ ተነክረው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ ተኝተዋል። ሮዳስ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ስትሰጥ ቤቴል እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ቁርስ አልበሉም እንዴ እማማ?"

"በፍልሰታ? ቅዳሴ ሳያልቅ እህል አልቀምስም ልጄ።"

"የስኳር ክኒኑንስ?"

"እሱንማ በጠዋት በጠበል ዋጥኩት። ሁለቱንም።"

ሁለቱንም? ቤቴል ካርዳቸውን ገለጠች። ነሐሴ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ እንደበሉ ስኳራቸው ተለክቶ ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙም አንዱን ክኒን ሁለት አድርጎታል። ትእዛዙ "ከቁርስ ጋር" ይላል፤ ክኒኑ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳልና። ቤቴልም ሮዳስም ያደጉት ፍልሰታ በማይጾምበት ቤት ነውና አሮጊቷ ቁርስ ይበሉ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ከትእዛዙ ሥር "ታይቷል" የሚል ፊርማ አለ። የራሷ የቤቴል ነው። ያን ቀን ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ወደ ዶዮገና የሚሄደው መኪና እንዳያመልጣት አርባ ካርድ በአንድ ሰዓት ፈርማ ወጥታለች። ሰው ለሠርግ ሲቸኩል ወረቀት ሁሉ ልክ ይመስለዋል።

አፈረች። ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች፤ ክኒኑ እንዲቆም አዘዘ።

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ሽብሩ ግን ካርዱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

"ልጃቸው ከሺንሺቾ እየመጣ ነው። እርጅና ነው ብዬዋለሁ።"

"እርጅና አይደለም ጋሽ ሽብሩ።"

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ቤቴልዬ። ተርፈዋል እኮ! ደግሞ ፊርማው የማን እንደሆነ አትርሺ። ፈቃድሽን ቢነጥቁሽስ?"

ቤቴል አምስት ዓመት ተምራ ያገኘችው፣ ታናናሾቿንም የምታስተምርበት ፈቃድ ነው። በመስኮት ስታይ አንድ ጎልማሳ በዝናቡ ግቢውን አቋርጦ እየመጣ ነበር። የእማማ ልጅ መምህር እንድርያስ ነው። ገብቶ ጃንጥላውን አጠፈና እጅ ነሳ።

"እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እናንተ ባትኖሩ እናቴን አጥቻት ነበር" አለ።

አቶ ሽብሩ ቀና ብለው ቤቴልን አዩዋት። እሷ መሳቢያውን ሳበች፤ ካርዱን አውጥታ መምህሩ ፊት ዘረጋችው።

"ይቀመጡ መምህር" አለች ጣቷን ፊርማው ላይ አሳርፋ። "ይሄ የእኔ ነው። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።"