ሰባት ዋናተኞች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር

ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ሰባት ትልልቅ ሰዎችን ዋና አስተምሬያለሁ። ከሰባቱ አንድም የሰመጠ የለም። ይህን የሚያህል ውጤት ያለው አስተማሪ ካለ እስቲ አምጡልኝ! ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ምን ታውቃለች የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አንብቡ። ውሃ ሰርተፊኬት አይጠይቅም።

ነገሩ የጀመረው በአባዬ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። አባዬ የሚሠራው የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ላይ ነው። ማለዳ በጀልባ መሃል ድረስ ይሄድና፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ምሰሶ አይቶ፣ ውሃው ስንት ላይ እንደደረሰ መዝግቦ ይመለሳል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶታል። "ይህ ሁሉ ሕዝብ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ስንት ውሃ እንዳለው የማውቀው እኔ ነኝ" ሲል ከተማውን የወለደው ነው የሚመስለው።

አዲስ የተሾመው ኃላፊ ታዲያ ወረቀት ለጠፈ። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ የዋና ፈተና ይፈተናል፤ የወደቀ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አባዬ አንዴ ፋይል ሊፈልግ ገብቶ ሲወጣ፣ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ሳይሞላ፣ ዘበኛውን "ደህና እደር" ብሎታል።

ያን ዕለት ምሳውን ሳይነካ ተቀመጠ።

"ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችው እማዬ።

"ዋና ተማር ተባልኩ።"

"ታዲያ ተማራ!"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ለመስመጥ ያላረጀ ሰውዬ ለመዋኘት አረጀ?"

አባዬ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ምክንያቱን ነገረን። ልጅ ሆኖ አባቱ "ዋና ሳትለምድ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ" ብለውታል። እሱም እሺ ብሏል።

"እና?" አልኩት።

"እናማ አልገባሁም። እሺ ብያለኋ!"

አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቱን አየሁት። የሚቀልድ ፊት አልነበረም። "ማለዳ ማለዳ" አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለሳህኑ፣ "ሞተሩን አጥፍተን ምሰሶው አጠገብ ስንደርስ ፀጥ ይላል። ያን ጊዜ ማንም አይጠራኝም። አለቃም፣ ስልክም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከከተቱኝ ግን እኔ…" ሳይጨርሰው ተወው።

"አባዬ፣ እኔ አስተምርሃለሁ" አልኩ አፌን ሞልቼ።

እማዬ አየችኝ። እኔና እሷ የምንሠራው ልብስ እጥበት ቤት ነው። ከጓሮው የማለቅለቂያ ገንዳ አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት እርምጃ፣ ውሃው እስከ ወገቤ። እሑድ እሑድ የእጥበት ቤቱ ባለቤት ሳታይ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ! እንደኔ ያለ ዋናተኛ በሰፈራችን የለም። በሰፈራችን ሌላ ዋናተኛም የለም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ችግሩ አባዬ ሳይለምድ ውሃ አይገባም፤ ውሃ ሳይገባ ደግሞ እንዴት ይለምዳል? ሌላ አስተማሪ ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። እኔ ግቢያችን ውስጥ ያለውን አግዳሚ ወንበር ጎትቼ አወጣሁና "በሆድህ ተኛ" አልኩት።

ተኛ። እግሩ ወንበሩን አልፎ አየር ላይ ቀረ።

"አንዱን እጅ ወደ ፊት ወርውር! ውሃውን ያዝ! ወደ ኋላ ሳብ! አሁን ፊት ወደ ጎን፣ ተንፍስ!"

ለትንፋሹ ሳፋ ውሃ ሞልቼ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ፊቱን ነክሮ እንደ ሰው ልጅ አረፋ ያወጣል፤ በሦስተኛው ቀንማ እጁና ትንፋሹ ገጠሙ። እማዬ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስታልፍ ቆመች።

"ውሃው የታለ?" አለች።

"ይደርሳል፣ መጀመሪያ መሠረቱ ነው።"

"መሠረቱስ ደህና ነው። እኔ የፈራሁት ቤቱን ነው።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት።

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ። በሳምንቱ አልፎ አልፎም ቢሆን ጀልባ ላይ የሚወጡት፣ ከአባዬ ጋር ሰባቱም፣ ከሥራ መልስ ግቢያችን መምጣት ጀመሩ። እኔ ትልቅ ሰው ዋና የማይችለው ዕድል ስላላገኘ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትልቅ ሰው ዋና የማይችለው ምክንያት ስለሞላው ነው! ሁሉም ውሃ ቀጠነ ባይ ነው። የፓምፕ ሠራተኛው ጆሮው ውሃ አይወድም። ዘበኛው "ውሃ የሚወስደው ዋና የሚችለውን ነው፤ የማይችልማ ምን ሊሠራ ይገባል?" ይላል። ፀሐፊዋ ፀጉሯን ትናንት ነው የተሠራችው፤ ወሩን ሙሉ ትናንት ነው የተሠራችው። የሁሉም አውራ ግን ጀልባ ነጂው ነው።

"አንተ ሃያ ዓመት ጀልባ ስትነዳ እንዴት ዋና ሳትማር?" አልኩት።

"የኔ ሥራ ጀልባዋ ላይ መቆየት ነው" አለኝ። "ከጀልባዋ መውደቅ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም።"

አግዳሚው አንድ ስለሆነ በተራ ይተኛሉ፤ የቀሩት ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም። የሚገርመው ግን የቢሮ ሰው አግዳሚ ላይ ሲተኛም የቢሮ ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን ፀሐፊዋ የተገኙ ሰዎች መፈረሚያ ቅጽ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን የኔን ትምህርት በቃለ ጉባኤ መያዝ ጀመረች፤ "መምህርቷ እግር እንዳይታጠፍ አሳስበዋል" ብላ ጻፈች። አሳስበዋል! እኔን እኮ ነው! ከዚያን ቀን ወዲህ ስሄድ ደረቴ ይቀድመኛል።

በአራተኛው ሳምንት ሁሉም አንደኛ ሆኑ። ዘበኛው እንኳ እጁን ሲዘረጋ ወንበሩ ወደ ፊት የሚሄድ ይመስላል። በዚህ በጣም ረኩና በአንድ ድምፅ ተስማምተው ደብዳቤ ጻፉ፦ ሥልጠናው የተሰጠው በአግዳሚ ወንበር ስለሆነ ፈተናውም በአግዳሚ ወንበር ይሁንልን። ሰባት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ኃላፊው ከታች በቀይ "ፈተናው ውሃ ውስጥ ነው" ብሎ መለሰው።

"ውሃ ውስጥ?" አለ ጀልባ ነጂው፣ የተከዳ ሰው ሆኖ።

ፈተናው የሠራተኞች ክበብ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበር። ልጆች ገና መውጣታቸው ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ወለሉ አይታይም። ፈታኙ ቱታ የለበሰ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ሆዱ ከፊሽካው የሚቀድም ሰውዬ ነው። ኃላፊውም መጥቷል፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። 

"በዚህ በኩል ከዚህ መሰላል እስከዚያኛው መሰላል" አለ ፈታኙ በወርዱ እያሳየ። "ማን ነው ያስተማራቸው?"

"እኔ!" አልኩ፣ ሳይጨርስ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ጎሽ! እንግዲያው አንቺ ከዚያ ከጥልቁ በኩል ዘለሽ ግቢና አንዴ አሳዪያቸው።"

ወደ ጥልቁ በኩል ሄድኩ። ጠርዙ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የእጥበት ቤቱን ገንዳ ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ ብትቆሙበት እንኳ አይበቃችሁም። ውሃው ጥቁር ነው። እግሬ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አጥፎ አልንቀሳቀስም አለኝ፤ የራሴ እግር! ዞር ስል ሰባቱም ያዩኛል።

"ዛሬ… ጉንፋን ይዞኛል" አልኩ።

 ፀሐፊዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

"ጆሮሽንስ?" አለ የፓምፕ ሠራተኛው።

"ተዋት፣ ውሃ የሚወስደው የሚችለውን ነው" አለ ዘበኛው። "ስለምትችል ፈርታ ነው።"

ጀልባ ነጂው እየሳቀ መጀመሪያ ገባ። በሆዱ ተኛ፤ ከሥሩ ግን አግዳሚ የለም። እጁ ያስተማርኩትን ሠራ፣ እግሩ ያስተማርኩትን ሠራ፣ እሱ ግን እዚያው ባለበት ወደ ታች ወረደ። ፈታኙ በረጅሙ እንጨት ጎትቶ ሲያወጣው "ወንበሩ! ወንበሩ!" ይላል። ከዚያ በኋላ አራቱ ገብተው የገንዳውን ዳር የብረት መያዣ ጨበጡ፤ ልቀቁ ቢባሉም የሚሰማ የለም። ፀሐፊዋ እዚያው ገንዳው ዳር ቁጭ ብላ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ሞላች። ኃላፊው ቁልፉን እያሽከረከረ "የቀረው አንድ ነው" አለ።

የቀረው አባዬ ነው።

መሰላሉን በጀርባው ወረደ። ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አንዴ እኔን አየኝ፣ አንዴ ቁልፉን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ጀመረ።

ብታዩት! እጁ ይወረወራል፣ ውሃውን ይይዛል፣ ወደ ኋላ ይስባል። ፊቱ ወደ ጎን፣ ትንፋሽ። እጁ ይወረወራል፣ ይይዛል፣ ይስባል። ግቢያችን ውስጥ እንደነበረው፣ አንድም ሳያዛንፍ፣ በዝግታ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። አረፋው ከኋላው ይከተለዋል። "እጅ ትክክል" ይላል ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረገ፣ "ትንፋሽ ትክክል፣ አቅጣጫ ትክክል…" እኔ ጠርዙ ላይ እየሮጥኩ "አባዬ! አባዬ! ፊት ወደ ጎን!" እላለሁ፤ ጉንፋኔ የት እንደገባ አላውቅም። አባዬ የወዲያኛውን መሰላል ጨበጠ።

ፈታኙ "አልፈዋል!" አለና ፊሽካውን ነፋ።

ኃላፊው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለስድስቱ ሌላ አንድ ወር ተሰጣቸው። ፀሐፊዋ አጨበጨበች፣ ጀልባ ነጂው በሳሉ መካከል አጨበጨበ፣ እኔ አለቀስኩ። ፈታኙ ወደኔ ዞሮ "ጎበዝ አስተማሪ ነሽ፤ ለጉንፋንሽ ሻይ ጠጪለት" አለኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁ፣ ሁለተኛውን አልሰማሁም።

አባዬ ግን ፀጉሩን አድርቆ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ እንኳ ዝም ብሏል። የደስታ ነው ብዬ ወሬውን እኔ ያዝኩት።

"ከእጥበት ቤቱ እለቃለሁ" አልኩት። "ትምህርት ቤት እከፍታለሁ። በራችን ላይ ሰሌዳ እሰቅላለሁ፦ 'ውሃ ሳይነካዎ ዋና ይልመዱ'። አግዳሚውን ሦስት እናደርገዋለን። አንተ ምስክር ነህ፤ ሰው ሲመጣ ወጣ ብለህ 'ይህች ልጅ ናት ዋናተኛ ያደረገችኝ' ትላለህ።"

"እህ" አለ አባዬ።

"ፎቶህንም እንለጥፋለን። ከገንዳው ስትወጣ አላነሳሁህም እንጂ! ነገ ማለዳ ጀልባዋ ላይ አነሳሃለሁ።"

"ነገ ማለዳ እንኳ ከመውጣቴ በፊት ዕቃ ግምጃ ቤት ጎራ እላለሁ" አለ። "ያችን የምታንሳፍፈዋን ብርቱካንማ ጃኬት እንዲሰጡኝ።"

ቆምኩ። "ጃኬት? ዋናተኛ ጃኬት ምን ያደርግለታል? ይህን ሁሉ ሰው አስተምሬ፣ ያለፈው አንድ አንተ፣ አንተም ጃኬት ለብሰህ ልታዋርደኝ ነው? ሰው ምን ይላል? ወር ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው? ያን ገንዳ በማን ትምህርት ነው የተሻገርከው፣ እስቲ ንገረኝ!"

አባዬም ቆመ። ግራና ቀኝ አይቶ፣ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልጄ፣ በእግሬ ነው የተሻገርኩት። መራመድ ያስተማረችኝ ደግሞ እናቴ ናት።"