እጥፍ ጠይቁ

አራተኛ ዓመት ላይ «ልዩ ርዕሶች በዓለም አቀፍ ግንኙነት» የሚባል ኮርስ ወሰድኩ። ርዕሶቹ ልዩ የተባሉት ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኔ ግን ልዩ የሆንኩት ራሴ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ኮርሱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ቤት ውስጥ ጨው አቀብለን ስባል «በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» ማለት ጀምሬ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

የዚያ ዓመት ርዕስ ድርድር ነበር። የምታስተምረን ሴትዮ ተማሪ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅባት አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እና ከዚያስ?» ነበር የምትለው። ስሟም በዚያው «እናከዚያስ» ሆኖ ቀረ። በመጨረሻው ፈተና ፈንታ አንድ ሥራ ሰጠችን፤ በዓይናችን ያየነውን አለመግባባት መርጠን፣ ከሥር ከሥሩ ተከታትለን ክፍል ውስጥ ማቅረብ። ጓደኞቼ የተኮራረፉ የፎቅ ጎረቤቶች ፍለጋ ወጡ። እኔ የትም መሄድ አላስፈለገኝም፤ ጠቡ እቤቴ ነበር።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ አናጢዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መላጊያ ማሽን ሠርተዋል። አባቴ ይቆርጣል፣ ይልጋል፤ አጎቴ ያያይዛል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። በዚያ ሰሞን አጎቴ ቀብቶ ያቆመው የቁምሳጥን በር ላይ ከማሽኑ የተነሳ ሰጋቱራ አረፈበት። ብሩሹን ወርውሮ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፣ ግን አይነጋገሩም። መዶሻ የፈለገ ራሱ ተነስቶ ያነሳል። አጎቴ እቤታችን መጥቶ መብላቱንም ተወ።

«ተዋቸው» አለችኝ እናቴ። «ሳምንት ዝም ብትላቸው ይወጣላቸዋል። እኔ አይደለሁ የማውቃቸው?»

«እማዬ፣ ይሄ ያልተማከለ አካሄድ ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለቱን በየተራ አነጋገርኳቸው። አባቴን ወገን ሀ፣ አጎቴን ወገን ለ ብዬ መዘገብኩ። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው አባቴ «ማሽኑ ከቆመበት እንዳይነቃነቅ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። አጎቴ ደግሞ ጥግ ላይ በኮምፔንሳቶ የተከለለች የመቀቢያ ቦታ ብትኖረኝ ይበቃኛል አለ። ልብ ያለው ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ሁለት ኮምፔንሳቶ አንስቶ፣ ምስማር መትቶ፣ በግማሽ ቀን ይገላገል ነበር። እኔ ግን ደብተሬ ላይ በቀይ ያሰመርኩበት ትምህርት ነበረኝ። ተደራዳሪ በኋላ የሚለቀው ነገር እንዲኖረው መጀመሪያ ከሚፈልገው እጥፍ ይጠይቃል።

ስለዚህ አባቴን «እጥፍ ጠይቅ» አልኩት። ከዚያ ማሽኑን ዞሬ ወደ አጎቴ ሄድኩና «እጥፍ ጠይቅ» አልኩት። የአንዱ አማካሪ እኔ፣ የሌላው አማካሪ እኔ፣ አስታራቂውም እኔ። ይሄ ነገር ነውር መሆኑ ለአፍታ እንኳ አልታየኝም፤ ይልቅ ሁሉም ቦታ በመገኘቴ ራሴን አደነቅሁ።

አባቴ አሰበና የመሥሪያ ቤቱ የፊት በርና ብርሃን የሚገባበት መስኮትም የኔ ይሁኑ ብሎ ጨመረ። አጎቴ ግን ምንም አልመጣለት አለ።

«ማሽኑን ጠይቅ» አልኩት።

«ማሽኑን ምን ላደርገው?»

«አይሰጥህማ! ለመልቀቅ ነው የምትጠይቀው።»

«እንግዲህ አንተ ነህ የተማርከው» አለና ትከሻውን ሰበቀ። ይቺን ስሰማ ክንፍ አወጣሁ።

ዝርዝሮቹን በኮምፒውተር ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ የአንዱን ለሌላው አደረስኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ የወንድሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ። ፊቱ ጠቆረ።

«ማሽኑን ነው ያለው?»

«የመክፈቻ አቋም ነው፣ አባዬ። አንተ ደግሞ በምላሹ…»

«ይውሰደዋ!»

«እንዲህ አይደለም የሚኬደው። መጀመሪያ እምቢ ትላለህ፣ ከዚያ…»

«ይውሰድ አልኩህ! ይዞት ይሂድ፣ ከፈለገበት ይትከለው!»

ሌላው ወገን ተናዶ የተጠየቀውን ሁሉ ሲሰጥ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ምዕራፍ መጽሐፋችን ውስጥ የለም። ፈልጌአለሁ። አጎቴም የበሩንና የመስኮቱን ጥያቄ አንብቦ «እንዲህ ከሆነማ» አለና ከመንገዱ ማዶ ባዶ ጋራዥ ተከራየ። ማሽኑን የሚወስድ መኪና ለሐሙስ ስድስት ሰዓት ተቀጠረ። የእኔም ማቅረቢያ ሐሙስ ጠዋት ነበር። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ኩርፊያ በኔ ጥረት አድጓል ማለት ነው።

ያም ሆኖ ሐሙስ ክራባት አስሬ ሄድኩ። ሠንጠረዥ ነበረኝ፣ ባለ ሁለት ቀለም ቀስት ነበረኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩና «በማጠቃለያ፣ ድርድሩ የከሸፈው ወገኖቹ የፖለቲካ ፈቃደኝነት ስለጎደላቸው ነው» ብዬ ጨረስኩ። ስለ አባቴና ስለ አጎቴ መሆኑ ነው።

«እና ከዚያስ?» አለች መምህሯ። «ወገን ለ ሌላ ምን አለህ?»

«ሌላ የጠየቀው የለም።»

«የጠየቀህን አላልኩም። ያለህን ነው።»

አንድ ነገር ግን ብሎኝ ነበር። «የመጀመሪያው ቀን፣ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው» አልኩ። «እጁን በቤንዚን እያጠበ፣ ‹ሃያ ሁለት ዓመት ከወንድም ጋሼ ጎን ቆሜአለሁ። ጉልበቴን ካመመኝ ዓመት አለፈኝ። አንድ ቀን፣ ደከመህ ወይ፣ ትንሽ ቁጭ በል ብሎኝ አያውቅም› አለኝ።»

«ይሄንን ለወንድሙ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም። አቋም አልነበረማ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። እሷ አልሳቀችም። ሰዓቷን አየችና «መኪናው ስድስት ሰዓት ነው የሚመጣው ብለሃል። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ነው ያፈርኩት። ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ ትቼ ሮጥኩ።

ስደርስ ማሽኑ መኪናው ላይ ወጥቶ ጫኚዎቹ በገመድ እያሰሩት ነበር። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አጎቴ የመኪናውን ጎን በአንድ እጁ ተደግፏል። ትንፋሼ ተቆራርጦ አንድም የሙያ ቃል አልመጣልኝም።

«አባዬ፣ ጉልበቱን ያመዋል። ዓመት አልፎታል። ደከመህ ወይ ብሎኝ አያውቅም አለ። ለኔ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩህ። ማሽኑንም ጠይቅ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አጎቴ መግቢያ ጠፋው። «እኔ አላልኩም» አለ። ከዚያ ጉልበቱን ዳሰሰና «ብያለሁ» አለ።

አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። ዱካ ይዞ ወጣና ወንድሙ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ቁጭ በል።»

አጎቴ ተቀመጠ።

«የትኛው ነው? ግራው?»

«ቀኙ።»

እኔም እንግዲህ መድረኩ ተመቻቸ ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴ ዞሮ እንኳ ሳያየኝ «አንተ ሂድ፣ ከሹፌሩ ጋር ቆይ» አለኝ።

ሹፌሩ ክራባቴን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ልጃቸው ነህ?»

«አዎ።»

«ምን ትማራለህ?»

«ሂሳብ» አልኩት።

ከቆምኩበት አባቴና አጎቴ የሚሉት አይሰማኝም ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሲሰበስብ ግን አየሁ። ጉልበቱ አብጧል። እኔ ቀስቶቼን ቀለም ስቀባ የከረምኩት ይሄንን ጉልበት አጠገቤ አስቀምጬ ነው። አባቴ መዳፉን እብጠቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። አንዴ አጎቴ ሳቀ፤ አንዴ ደግሞ አባቴ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ፣ ሰጋቱራ ነው እንዳልል ማሽኑ መኪናው ላይ ነው ያለው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አባቴ ቀና ብሎ ጫኚዎቹን «አውርዱት» አላቸው። አጎቴ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ና፣ በሱ ቦታ ከዚያ በኩል ያዝ። አፍህን ግን ዝጋ።»

ያዝኩ። ዘጋሁም።