በምክር ቤት የተጠራ ስም

ሱሃይላ የምክር ቤት አባል ከሆነች ወዲህ፣ የትውልድ ከተማዋ የወለንጪቲ ሰው አዳማ ያለውን ቤቷን እንደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው የሚያየው። የዚያን ዕለት ማለዳ በሩን ስትከፍት፣ የልጅነት ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ ዘውድነሽ! ምነው አያንኳኩም?"

"ተኝተሽ እንደሆን ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ልጃቸው ኪዳነወልድ ባጃጅ ነጂ ነው። ሾፌሮቹ በአዲሱ የመስመር ድልድል ተቆጥተው ሥራ ሲያቆሙ ከጓደኞቹ ጋር ተያዘ። ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ እሱ ግን ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ዳኛ ፊት አልቆመም።

"ዛሬ ስለዚሁ ነገር ትነጋገራላችሁ ሲሉ ሰማሁ" አሉ። "እባክሽ ስሙን እዚያ ጥሪልኝ። ሰው መሆኑን ይወቁት።"

ሱሃይላ ቃል አልገባችም። የቀረበው ረቂቅ ተጠርጣሪ ያለ ዳኛ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያራዝም ነው። ኮሚቴ ውስጥ ስትከራከርበት ከርማለች፤ እንደሚያልፍም ታውቃለች።

አዳራሹ ውስጥ ተራዋ ሲደርስ ግን የተዘጋጀችበትን ወረቀት አጠፈችው።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እዚህ ተጠርጣሪ የምንለው ሰው ስም አለው። ኪዳነወልድ ይባላል፤ የወለንጪቲ ባጃጅ ነጂ ነው። እናቱ ዛሬ ደጄ ላይ ነበሩ። ያለውን ሕግ ሳናከብርለት ሌላ ልንጨምርበት ነው። ጥፋት ካለበት ዳኛ ይንገረው፤ እኛ ግን..."

"ሰዓትዎን ጨርሰዋል" አሉ አፈ ጉባኤው።

ረቂቁ አለፈ። ከእሷ ጋር የተቃወሙት ጥቂት ነበሩ።

ሲወጡ የኮሚቴ ባልደረባዋ ገሠሠ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። "እውነትሽን ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ታዲያ እጅህ የት ነበር?"

"ደክሞኛል፣ ሱሃይላ። አንቺን አልደከመሽም?"

ደክሟት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ሾፌሮች ተፈቱ፤ ኪዳነወልድ ብቻውን ቀረ። ሱሃይላ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሰች፤ "እየተጣራ ነው" ከማለት በቀር ምክንያቱን የሚነግራት አጣች። ክረምቱ ሲገባ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ ሂድ ተባለ።

ልትጠይቀው ወለንጪቲ ስትሄድ ከስቶ፣ የቆመች ባጃጁን ሲጠግን አገኘችው። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

"እርስዎ ስሜን በጠሩ ማግስት ፖሊሶቹ ከጓደኞቼ ለዩኝ" አላት ቀና ሳይል። "'ምክር ቤት ድረስ የላክሃት ምንህ ናት?' ነው ጥያቄው ሁሉ።"

"ጥሪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ።

"አውቃለሁ፣ እማዬ።" ወደ ሱሃይላ ዞረ። "የተናገሩት ልክ ነው። ሰዎች ሲነግሩኝ አልቅሻለሁ። ግን ሁለተኛ ስሜን አይጥሩ።"

"ሳልጠይቅህ ነው የጠራሁት። ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው።

ኪዳነወልድ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ "ባጃጇ ተነሥታለች፤ ይግቡ፣ ዝናቡ ሳይመጣ መናኸሪያ ላድርስዎት" አለ።

ወደ አዳማ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ገሠሠ ደወለላት። ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አዲስ ረቂቅ መጥቷል።

"ተናጋሪዎች ውስጥ ላስገባሽ?"

ሱሃይላ ዞራ ወደ ኋላ የቀረችውን ወለንጪቲን አየች።

"ሱሃይላ? አለሽ?"

"አለሁ። አስገባኝ" አለችና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።