ሦስት ክንድ ከቆጡ ላይ

አምና ሐምሌ ጎርፉ መንደራቸውን ቁሐር ሚካኤልን ሲያጥለቀልቅ፣ ከሰገን አራት ጥንቸሎች ሁለቱን ግቢው ውስጥ ባለው ቤታቸው በር እንደተዘጋባቸው ወሰዳቸው። ዘንድሮ የቀሩትን ቤት ልታስገባ ቆርጣለች። ውኃ የማይደርስበት ግን አባቷ አቶ አያልነህ ሩዝ የሚደረድሩበት ቆጥ ብቻ ነው።

«ሦስት ክንድ ይልቀቁልኝ» አለች።

«ለማይበላ አውሬ! ዶሮዋ እንኳ በስንዝር ታድራለች።»

«ዶሮዋ ሲነጋ ትወጣለች፣ አባ። እነዚህ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ሦስቴ ዘለው የሚዞሩበት ካላገኙ እግራቸው ይያዛል።»

ፈቃዳቸውን ሳትጠብቅ የሩዙን ጆንያዎች አንድ በአንድ እየጎተተች በአንድ ወገን ደራረበቻቸው። ላቧን ጠርጋ በተለቀቀው ቦታ ላይ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ሦስት ጊዜ ለካች፤ ለጥንቸሎቹ የምታጥረውን ቦታ ጫፍ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመረች።

«በዚች ጭራሮ ክንድሽ ነው የምትለኪው?» አሉ አባቷ። «የይፋግ ገበያ ነጋዴ እንኳ ሸማ ሲሸጥ እንዲህ አያጭበረብርም። ዘወር በይ!»

እጅጌያቸውን ሰብስበው በራሳቸው ረጅም ክንድ እንደገና ለኩ። የሰገን መስመር ከስንዝር በላይ ወደኋላ ቀረ።

«አምጪ ከሰሉን» አሉ።