የታችኛው ሰፈር ተራ

የጤና ቢሮዋ ዕቅድ አውጪ ለማስረጃ ያላት ፍቅር ባል ያስቀናል። አለቃዋ ደም ግፊትን ለመከላከል እንደ አምናው ቲሸርት አልብሰን ሰው እናስሩጥ ሲል፣ «ቲሸርቱ አለቀ፣ ግፊቱ ግን እንዳለ ነው» ብላ አፉን አስያዘችው። የእሷ ሐሳብ ሌላ ነው፤ ሰው ሳይለመን በሚሄድበት ፀጉር ቤት ግፊት መለኪያ ይቀመጥ። ሌላ ቦታ ተሞክሮ ሠርቷል። እነሱ ጋ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ አንዱ ሰፈር አሁን ይጀምር፣ ሌላው ስድስት ወር ይጠብቅና ይነጻጸር። ዕጣውን ራሷ አወጣች። የሚጀምረው የላይኛው ሰፈር፣ የሚጠብቀው የታችኛው ሆነ።

አባቷ የሚኖሩት እዚያው ነው። ጡረታ እስኪወጡ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰሞኑን ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አባታቸውን የገደለውም ይኸው ግፊት ነው። ሐኪም ቤት ሲባሉ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ንቅንቅ የለም። ልጅት ጭንቅ ያዛት።

«አባባ፣ ላይኛው ሰፈር ሄደው ፀጉርዎን ይቆረጡ» አለቻቸው።

«ፀጉር የለኝም።»

«ጢምዎንስ?»

ገባቸው። «የኛ ተራ ከስድስት ወር በኋላ አይደል? ሚዛን ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የያዝኩት ነጋዴ ስፍር ቁጥር የለውም። ልጄን ልጨምርበት?»

«የእርስዎ ነገር አስጨንቆኝ እኮ ነው።»

«የጎረቤቶቼስ?»

ተናደደች፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሷ።

በማግሥቱ ዕቅዱ እንደገና እንዲታይ ጠየቀች። የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ አሁኑኑ አንድ ጊዜ ይለካ፣ ግፊቱ ከፍ ያለበት ወደ ሐኪም ቤት ይላክ፤ የሚነጻጸረው የፀጉር ቤቱ ክትትል ብቻ ይሁን። ለነገሩ መነሻው ሳይታወቅ ምን ከምን ይነጻጸራል? አለቃዋ «ይሄ በፊት ለምን አልታሰበም?» አላት።

«የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለች።

የመለኪያው ቀን አባቷ መጥተው ሃያ ሦስተኛ ተሰለፉ። ወደ ፊት እንዲመጡ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። እንዳላየ ሆነው ከፊታቸው ካለው ሰው ጋር የቧንቧ ውኃ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ተራቸው ሲደርስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መለኪያው መቶ ዘጠና ስምንት አለ። ደግማ ለካች። ያው ነው።

«መሣሪያው መቼ ነው የተፈተሸው?» አሉ ኮስተር ብለው።

«ትናንት፣ አባባ። ራሴ ነኝ ያስፈተሽኩት።»

ቁጥሩን ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። አርባ ዓመት ጥፋት ሲፈልግ የኖረ ዓይን ምንም አላገኘም።

«እንግዲያው ልክ ነው» አሉ። ፈርተዋል። ክንዳቸው ላይ የታሰረውን ስትፈታላቸው እጇን ያዙ።

«ከኋላዬ ሰው አለ» አሉ፤ እጇን ግን አልለቀቁም።