ያኮረፈ ሰው ሲያቆላምጥ

ብቻዬን ደርባን መውረዴ ራሱ ሞኝነት ነበር። የቢሮ ልጆች «ስንዱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጆበርግ ኖረሽ ባሕር ሳታዪ?» እያሉ ነዘነዙኝና በጋው ሳያልቅ ብዬ ዓርብ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ያ ሁሉ ሰው! ግማሹ ጆበርግ እዚያ ነው። ታክሲ ተኮናትረው የመጡ ቤተሰቦች ድስታቸውን አሸዋው ላይ አስቀምጠው ይበላሉ። አሮጊቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው የባሕሩን ውሃ በኮካ ጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ለመድኃኒት ብለው ወደየቤታቸው ይወስዱታል አሉ። ፎቶ አንሺው መጥቶ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ምን አገባው! ብቻዬን መሆኔ ግን እንደዚያን ቅዳሜ አንገብግቦኝ አያውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ራሕማ ናት፤ ጆበርግ ዮቪል ሰፈር አንድ ቤት አብረን እንኖራለን። ራሕማ ሚስኮል ታደርጋለች እንጂ ደውላ አታውቅም።

«ምሳ በላሽ?» አለችኝ።

«በላሁ።»

«ደህና አድርገሽ ብዪ እሺ? መቼ ነው የምትመጪው?»

«ምነው፣ ቀሚሴን አቃጠልሽው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ወዲያው እንድርያስ ደወለ። የእድራችን ሰብሳቢ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ፊት «አንተ ወሬ ብቻ!» ብዬው ካኮረፈኝ ዓመት አልፎታል፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ፊቱን ያዞርብኛል።

«ስንድዬ፣ የኔ እህት፣ እንዴት ነሽልኝ? ስትመጪ ታክሲ እንዳትይዢ፣ ፓርክ ስቴሽን መጥተን እንቀበልሻለን።»

ስንድዬ! በቁሜ ክው አልኩ። የእኛ ሰው ያኮረፈውን የሚያቆላምጠው መቼ ነው? መርዶ ሲይዝ ነዋ! መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየውን አባብለው ቤቱ ያስገቡታል፣ ሲነጋጋ ተሰብስበው ይሄዱበታል። እኔስ ስንቱን «ምሳ በላህ?» ብዬዋለሁ።

እማዬ። ባለፈው ሳምንት «ጨጓራዬ ነው ልጄ፣ አታካብጂ» ብላኝ ነበር። ወሊሶ ወንድሜ መርዕድ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደገምኩ፤ ዘጋብኝ። መርዕድ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም።

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ካልተመለስኩ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ደግሞ እማዬ አለች። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ አታፍሩብኝ። እንድርያስ ጋ መልሼ ደወልኩ።

«እስከ ማክሰኞ እቆያለሁ።»

«እሺ የኔ እህት፣ ደስ እንዳለሽ።»

«ሥራ የለሽም ወይ አትለኝም? እንደ ድሮህ ተቆጣኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

ከኋላው ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። እኔ አጠገብ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ውሃ ውስጥ እየነከረች ትስቃለች፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

«ስንዱ…» አለ እንድርያስ። «ከምትጨነቂ እውነቱን ልንገርሽና…»

«እንዳትነግረኝ! በእናትህ እንዳትነግረኝ!» አልኩት። «እዚህ ብወድቅ የሚያነሳኝ ዘመድ የለኝም። አሁኑኑ አውቶቡስ እይዛለሁ። ቤት ስገባ ሰብሰብ ብላችሁ ንገሩኝ።»